ለፋሲካ ሆዳችንን ለምን ያመናል?

የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። በነዚህ ቀናት ጾመኛ ሰው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ትቶ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው የሚበላው። ታዲያ የፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጡና ቅቤው በአንዴ ሲመጣ ብዙ ሰው ሆዱን ይነፋዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስቀምጠዋል። ለምን?

ቅባት ያለው ምግብ ጨጓራ ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ቅባትን የሚበታትነው ሐሞት ነው። ሐሞትን ጉበት ይሠራዋል፣ የሐሞት ከረጢት ያጠራቅመዋል፣ ከዚያ ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀቃል። ብዙ ቅቤና ሥጋ በአንድ ጊዜ ከገባ ግን ሥራው ይበዛበታል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ተልባ እንጠጣ። እናቶቻችን ለፆም መፍቻ የሚያዘጋጁት ሆድ ስለሚያለሰልስ ነው።
2. ትንሽ ትንሽ እንብላ። ዶሮው ነገም አለ!
3. በልተን ወዲያው አንተኛ።
4. ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊኖርበት ስለሚችል አብስለን እንብላ።
5. የሚያስመልሰውና የሚያስቀምጠው ሰው ኦ.አር.ኤስ ይጠጣ። ደም ካየ፣ ወይም ትንሽ ልጅ ሆኖ ዓይኑ ከጎደጎደ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። "በዓል ነው፣ ነገ ይሻለዋል" አይባልም!

ጥያቄ፦ ሐሞትን የሚሠራው የአካል ክፍል ማን ነው? መልሱን ለክበባችን አምጡ።

መልካም በዓል!