ሁለት ቀን በሳልዝቡርግ፣ ከእናት ጋር

ጥያቄ፦ የምኖረው ሙኒክ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ በሸንገን ቪዛ መጥታልኛለች። በኦገስት ሳልዝቡርግን ላሳያት አስቤ የሆቴሉ ዋጋ አስደነገጠኝ። ጉልበቷንም ያማታል። ሁለት ቀን ይበቃናል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋጋው የሚንረው በ1920 በተጀመረው የሙዚቃና የቴአትር ፌስቲቫል ምክንያት ነው። ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት መጨረሻ ከተማዋ በእንግዳ ትጨናነቃለች። ቢችሉ ወደ ሴፕቴምበር አጋማሽ ያሸጋግሩት፤ እናትዎ ፍልሰታን የሚጾሙ ከሆነም ምግቡ ይቀላል።

ሁለት ቀን በቂ ነው። አሮጌው ከተማ በሳልዛክ ወንዝና በገደላማ ተራራ መካከል የተጠጋጋ በመሆኑ ብዙ አያስኬድም። ከ1077 ጀምሮ የተገነባው የሆሄንሳልዝቡርግ ምሽግ ከኮረብታው አናት ላይ ቢሆንም፣ በገመድ የሚሳብ ባቡር ያወጣችኋል። ሰልፉ ሳይረዝም በጠዋት ሂዱ። ግቢው ውስጥ ግን ደረጃና ሸካራ ድንጋይ አለ፤ እናትዎ ከደከማቸው ከሰገነቱ ሆነው ተራሮቹን ማየቱ ብቻ ይበቃቸዋል ብዬ አምናለሁ። ከሰዓት በኋላውን ለሚራቤል የአትክልት ስፍራ ይተዉት። ሜዳ ነው፣ መግቢያውም ነፃ። ሞዛርት በ1756 የተወለደበት ቤት ጌትራይደጋሰ ቁጥር 9 ነው።

አልፕስ ደመናውን ስለሚያግተው በበጋም ይዘንባል፤ ጃንጥላ አይርሱ።

በባቡር ከሁለት ሰዓት በታች ትደርሳላችሁ። ስትመለሱ የጀርመን ፖሊስ ድንበር ላይ ሊፈትሽ ስለሚችል ሁለታችሁም ፓስፖርት፣ እርስዎም የመኖሪያ ፈቃድዎን ይያዙ። የእናትዎ ቪዛ ለአንዳንድ አገሮች ብቻ የተገደበ መስሎ ከታየዎት፣ ትኬት ሳይቆርጡ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮን ወይም ጠበቃ ያማክሩ።