የቆዩ ልብ ወለዶችን ማባዛት ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ ሂርና አስተማሪ ነኝ። ለንባብ ክበባችን የቆዩ ልብ ወለዶችን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ባድል በሕግ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ እንደ መጽሐፉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የጥቅም መብት የሚጠበቀው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው የሕዝብ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ስለሆነ «አዲስ ዓለም»ን ማንንም ሳያስፈቅዱ ያባዙ። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ም እንዲሁ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነውና «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና የወራሾች ነው።

በአዲስ እትም ላይ የተጨመረ መቅድምና ማብራሪያ የራሱ ባለመብት አለው፤ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ይቅዱ፤ የደራሲውንም ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፉ። የመብት ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍት የተማሪዎችዎ ውርስ ናቸውና ሳይሰጉ ያድሏቸው።