የተገፈፈ ላሜራና ዝገት

አሮጌ መኪና ለማደስ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸኩለው የቀድሞውን ቀለም ገፎ ብረቱን ለማየት ነው። ላሜራው ነጥቶ ሲያበራ ሥራው የተጋመሰ ይመስለዋል። ነገር ግን አደጋው የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ላሜራ ከተገፈፈ በኋላ ቀለም እስኪቀባ ድረስ ከዝገት እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ለምሳሌም በአዲስ አበባ መንገዶች ሁላችንም የምናውቃትን ቮልስ እንወስዳለን።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንመርምር። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክሲጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከተከለከለ ዝገት የለም። ውሃ ሲባል ግን ዝናብ ብቻ አይደለም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ዓይን የማያየው ስስ የውሃ ሽፋን በብረቱ ላይ ያርፋል። የእጅ ላብ ጨው ሲጨመርበት ዝገቱ ይፈጥናል፤ በባዶ እጅ የተነካ ላሜራ የጣት አሻራ ይዞ የሚዝገውም ስለዚህ ነው። ዝገት ደግሞ የተቦረቦረ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ብረት አይጋርድም፤ እርጥበት ይዞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ከዚህ በመነሣት የሥራውን ቅደም ተከተል እንደሚከተለው እናስቀምጣለን።

አንደኛ፤ በአንድ ቀን ሊቀባ ከሚችለው በላይ አይገፈፍ። የቮልስ አራት ፓራፋንጎዎች በብሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ አንድ በአንድ እየተፈቱ ሊሠሩ ይችላሉ።

ሁለተኛ፤ በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ የቀረ ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት ማጽጃ ይታከም። አሲዱ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ሆኖም የአሲዱ ቅሪት ኤፖክሲ በደንብ እንዳይያያዝ ስለሚያደርግ፣ አምራቹ ባዘዘው መንገድ ታጥቦ ወዲያው በአየርና በሙቀት ይድረቅ።

ሦስተኛ፤ ጓንቲ ተደርጎ ቅባቱ በንጹሕ ጨርቅና በማጽጃ ከተጠረገ በኋላ፣ በዚያው ዕለት ባለ ሁለት ክፍል ኤፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። ሠራተኛውም ለኬሚካል ትነት የተሠራ የአፍንጫና የአፍ መከላከያ ያድርግ። ስቱኮም እርጥበት ስለሚስብ ከኤፖክሲው በላይ ቢሆን ይመረጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ማንሣት ይገባናል። ተራው ግራጫ ፕራይመር ውሃ የሚያሳልፍ ነው። የተሠራው የላይኛውን ቀለም እንዲይዝ እንጂ ዝናብ እንዲከላከል አይደለም። ይህን ብቻ ተቀብታ ክረምቱን በሜዳ ያሳለፈች መኪና ከሥር ዝጋ ትገኛለች።

አራተኛ፤ ቀለም የማይቀቡ የተሞረዱ ክፍሎች ዘይት ወይም ግራሶ ይቀቡ። ሊቀባ በተዘጋጀ ላሜራ ላይ ግን ዘይት አይጠጋ፤ ከቀረ ቀለሙ ይላጣል።

አምስተኛ፤ የተሸሸጉ ቦታዎች አይረሱ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ የፈሰሰ አሲድ ወለሉን ይበላል። ከበሮች ሥር ባሉት ዝግ ቦዮች ውስጥም ከቀለም በኋላ ፈሳሽ ሰም ይነፋ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ ቀላል ነው። የዚህ ዓይነት ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በሜክሲኮ ምርቱ አብቅቷል። ዝገት በተነሣ ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ደግሞ የመጀመሪያውን ላሜራ ማሳሳት ነው፤ የሳሳው አይመለስም። ስለዚህ ገንዘቡ በጥቂት በጥቂቱ ለሚገኝ ተማሪ ምክራችን ይህ ነው፤ ፕራይመሩ ሳይገዛና ክረምቱ ሳያልፍ መፋቂያው አይነሣ። አሮጌ ቀለም ቢያስጠላም ልብስ ነው፤ ራቁቱን የቀረ ብረት ግን አንዲት ሌሊት እንኳ አይታመንም።