ምዕራፍ ሰባት፦ ጽጌረዳ ወይስ ፖም? የጓሮን ቦታ ለአበባና ለፍሬ ማካፈል

ግቢውን አጥሮ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው «ባዶው ቦታ ላይ ምን ልትከል?» ብሎ ነው። በንፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ይህን የጠየቀ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ ጎረቤት «ደጅህን ጽጌረዳ ትከልበት፤ የሚገባው እንግዳ ልቡ ደስ ይበለው» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «አበባ አይበላም፤ ለልጆችህ የሚሆን ፍሬ ትከል» ይለዋል።

የሁለቱም ምክር መልካም ነው። የጎደለው የትኛው የት ይሁን የሚለው ነው። በዚህ ምዕራፍ አንድ የአበባ ቁጥቋጦንና አንድ የፍሬ ዛፍን ጎን ለጎን አድርገን እንመረምራለን። ድምዳሜዬን ከወዲሁ ልንገርዎ፦ አፈሩ ጥልቅ የሆነውንና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ ለፍሬው ይስጡ፤ አጥሩንና የደጁን ዳር ለአበባው ይተዉ። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

የአንድ ቤተሰብ ልጆች

ጽጌረዳና ፖም በዕፅዋት ጥናት የሚመደቡት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ኮክ፣ ፕሪምና እንጆሪም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከአገራችን ዛፎች ኮሶና ጥቁር እንጨት፣ ከአጥራችንም ቀጋ ይገኙበታል። የቀጋን አበባ ከፖም አበባ ጋር ያስተያዩ፤ ሁለቱም አምስት አምስት ቅጠል ያላቸው፣ መካከላቸው በቢጫ ጭራ የተሞላ ነው።

ይህ ዝምድና ለአትክልተኛ ጥቅም አለው። ሁለቱም በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ። ሁለቱም ውኃ የሚተኛበትን መሬት አይወዱም። ሁለቱም በየዓመቱ ገረዛ ይሻሉ። የሚያስቸግሯቸውም ተመሳሳይ ናቸው፤ በለጋ ቀንበጥ ላይ የሚሰፍር ክሽክሽና በቅጠል ላይ ዱቄት መስሎ የሚታይ ሻጋታ። ስለዚህ ጽጌረዳ መንከባከብ የቻለ እጅ ፖምን ለመንከባከብ ከግማሽ በላይ ሠልጥኗል ማለት ነው።

መጀመሪያ ከፍታዎን ይወቁ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር የአንድ ቀን የእግር መንገድ ከውርጭ ወደ ቆላ ያደርሳል። በስተሰሜን ምዕራብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ አለ፤ በስተደቡብና በስተምሥራቅ ደግሞ መሬቱ ወደ ዓባይና ወደ በሺሎ ሸለቆ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አገር ለጎረቤት ወረዳ የሠራ ምክር ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ከፍሬ ዛፎች የሚስማሙት ፖምና ፕሪም ናቸው። ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው ወይና ደጋ ኮክ ይስማማል፤ ውርጭ በማይደርስበት በኩል ደግሞ አቮካዶ ይሆናል። በሸለቆው ቆላ ውኃ ካለ ማንጎ፣ ፓፓያና ሎሚ ይበቅላሉ። በንፋስ መውጫ ብርድ ማንጎ መትከል፣ ወይም በበሺሎ ዳር ሙቀት ፖም መትከል ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

ፖም ብርድን የሚፈልግበት ምክንያት አለው። እምቡጡ ከእንቅልፉ ነቅቶ እንዲያብብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆኑ ብዙ ሰዓታትን ማሳለፍ ይኖርበታል። አንዳንድ የአውሮፓ ዝርያዎች ወደ 1,000 ሰዓት የሚጠጋ ብርድ ይጠይቃሉ፤ ይህን ያህል በእኛ ደጋ አይገኝም። በእስራኤል የተገኘው «አና» እና በባሃማስ የተገኘው «ዶርሴት ጎልደን» ግን ከ200 እስከ 300 ሰዓት ይበቃቸዋል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የተለመዱትም በዚህ ምክንያት ነው።

ጽጌረዳ በዚህ ረገድ ገር ነው። ውኃ ካገኘ በደጋም በወይና ደጋም ያብባል። ለአበባ እርሻዎቻችን የተመቸውም የደጋውና የወይና ደጋው ብርቱ ፀሐይና ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ሆለታና ዝዋይ፣ ከእኛ ቀረብ ሲልም የባሕር ዳር አካባቢ ለዚህ ምስክር ናቸው።

ምን ይጠይቃሉ? ምን ይሰጣሉ?

*ጊዜ።* ጽጌረዳ በተተከለ በዓመቱ ያብባል። የተዳቀለ ፖም የመጀመሪያ ፍሬውን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ሲሆን፣ ሙሉ ምርት የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። በደንብ ከተያዘ ግን ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ዛሬ የሚተክሉት ፖም ገና ያልተወለደ ልጅዎን ሊመግብ ይችላል።

*ወጪ።* ጽጌረዳን ከጎረቤት ለምነው ማግኘት ይችላሉ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር የሚያህል ጤነኛ ግንድ ቆርጠው በክረምት መግቢያ በእርጥብ አፈር ውስጥ ግማሹን መቅበር ነው። ፖም በዚህ መንገድ አይገኝም። ከፍሬው የተገኘ ዘር ቢዘሩ እናቱን የማይመስል፣ ለማፍራትም ብዙ ዓመት የሚፈጅ ዛፍ ይወጣል። ስለዚህ የተመረጠው ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ የተጣበቀበትን፣ «የተዳቀለ» የሚባለውን ችግኝ መግዛት ግድ ነው። ደግሞም አንድ ብቻውን አይበቃም። «አና» በደንብ እንዲያፈራ በአቅራቢያው «ዶርሴት ጎልደን» ያስፈልገዋል፤ የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ንብ ነው።

*ቦታ።* ለጽጌረዳ አንድ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ለፖም በችግኝ መካከል ከ3 እስከ 4 ሜትር ይተዉ። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ጓሮ አራት ፖሞችን ያለ መጨናነቅ ይይዛል፤ በመካከላቸውም ጎመንና ሽንኩርት ለመትከል ቦታ ይተርፋል።

*ሥራ።* የጽጌረዳ ሥራ ትንሽ ትንሽ እያለ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ነው፤ የጠወለገውን አበባ መቁረጥ፣ የደረቀውን ግንድ ማንሳት። የፖም ሥራ ወቅት አለው። በእኛ አየር ቅጠሉ በራሱ በደንብ ስለማይረግፍ፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በእጅ ማርገፍና መገረዝ ቀጣዩን አበባ ያፋጥናል። በአንድ ዘለላ ላይ ብዙ ፍሬ ሲይዝም አንድ ወይም ሁለት አስቀርቶ ሌላውን ገና በእንጭጩ ማንሳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ፍሬው ይኮሰምናል፣ ቅርንጫፉም ይሰበራል።

*ገቢ።* እዚህ ላይ ፍሬው ይበልጣል። በጋሞ ደጋ የምትገኘው ጨንቻ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሚስዮናውያን ያመጡት ፖም ከጊዜ በኋላ ከጓሮ ወደ ጓሮ ተዛመተ፤ ገበሬዎቹም ከፍሬው ሌላ የተዳቀለ ችግኝ እያዘጋጁ በመሸጥ ተጠቀሙ። ፍሬው ወቅት ይጠብቃል፤ የማዳቀል ሙያ ግን ራሱን የቻለ የገቢ ምንጭ ነው። የጓሮ ጽጌረዳ ግን ለውጭ ገበያ ከሚቀርበው ጋር አይወዳደርም። ያኛው በፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚያድግ፣ በማቀዝቀዣ ተጭኖ በአውሮፕላን የሚሄድ ነው። ከደጅዎ ጽጌረዳ ገንዘብ አይጠብቁ።

«አበባ አይበላም» ለሚሉ

ታዲያ አበባውን እንተወው? አይደለም። በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ለአርባ ቀን በማኅሌተ ጽጌ አበባን እያነሣ የሚያመሰግን ሕዝብ ውበትን እንደ ትርፍ ነገር ሊቆጥረው አይገባም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም የምትገኘው በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። በደቡብ ጎንደር ከ1,000 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም በዛፍ ተከበው የሚታዩት፣ አባቶቻችን ግቢን ማስዋብና ዕፅዋትን መጠበቅ የአምልኮ ክፍል አድርገው ስለያዙት ነው። ከሥራ ደክሞ የሚገባ ሰው በደጁ ያማረ ነገር ማየት ይገባዋል። ይህም ከቤተሰብ ጤና ይቆጠራል።

አበባ ለፍሬውም ያገለግላል። አበባ በሞላበት ግቢ ንብ አይጠፋም፤ ንብ ባለበትም የፖሙ አበባ ወደ ፍሬነት የመለወጥ ዕድሉ ይሰፋል። ለዚህ ዓላማ ግን ቅጠሉ ከተደራረበው የከተማ ጽጌረዳ ይልቅ መካከሉ ክፍት የሆነው ይመረጣል፤ በተደራረበው ውስጥ ንቡ ብናኙን በቀላሉ አያገኘውም።

ሁለቱንም የሚያስታርቀው ቀጋ

ለወገዳ ሰው ያለኝ ዋናው ምክር ይህ ነው፦ አበባዎን ከቀጋ ይጀምሩ። ቀጋ የአገራችን የራሱ ጽጌረዳ ነው። ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ደጋና ወይና ደጋ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ነጭና መዓዛው ደስ የሚል አበባ ያወጣል። ሲቀላ እረኞችና ልጆች የሚበሉት ፍሬውም በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። ሲበሉት ግን በውስጡ ያለውን ዘርና ጸጉር ማውጣት ይገባል፤ ጸጉሩ ጉሮሮን ያሳክካል።

ከሁሉ በላይ እሾኹ ይጠቅመናል። በአካባቢያችን የፍሬ ችግኝን የሚፈጀው በሽታ ብቻ አይደለም፤ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የሚለቀቀው ከብትና ፍየልም ነው። ለሁለት ዓመት የደከሙበትን ፖም አንዲት ፍየል በአንድ ጠዋት ልጣጩን ትገፈዋለች። በቀጋ የታጠረ ጓሮ አበባም፣ ፍሬም፣ ዘበኛም አለው። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ ከፖሙ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፣ በየዓመቱም ይገረዝ። ካልተገረዘ ቦታውን ሁሉ ይወርሳል።

እነዚህን ከግቢዎ ያርቁ

አንዳንድ ያማሩ ቁጥቋጦዎች አደገኛ ናቸው። የወፍ ቆሎ በቀለም ያሸበረቀ አበባው ቢስብም ለከብት መርዝ ነው፤ ዘሩንም ወፎች እየበተኑት የግጦሽ መሬት ይወርራል። በከተሞች መንገድ ዳር የሚተከለው ኦሊያንደር ከቅጠሉ እስከ ግንዱ መርዛማ ነው፤ ልጆችና ከብት ባሉበት ግቢ አይተከልም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ውኃና ፀሐይ ስለሚሻማ ከፍሬ ዛፍ አጠገብ አይሆንም።

ሥራው በወር በወሩ

1. *ሚያዝያና ግንቦት፦* ለእያንዳንዱ ፖም 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ። የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ ያስቀምጡ። ጉድጓዱ ለጥቂት ሳምንት ፀሐይ ይምታው።

2. *ሰኔ፦* የላዩን አፈር በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅለው ይመልሱ። መሬትዎ ውኃ የሚቋጥር ዋልካ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርገው ይከምሩና በጉብታው ላይ ይትከሉ።

3. *ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ፦* ችግኙን ይትከሉ። ቅርንጫፉና ሥሩ የተጣበቁበት ቦታ ከአፈሩ በላይ ቢያንስ አንድ ጋት ከፍ ይበል፤ ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና ዛፉ ከሚፈለገው በላይ ይገዝፋል። የጽጌረዳውንና የቀጋውን ግንድ በአጥሩ ዳር የሚተክሉትም በዚሁ ጊዜ ነው።

4. *ከጥቅምት ጀምሮ፦* ዝናቡ ሲያቆም በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር ያህል ውኃ ለእያንዳንዱ ፖም ይስጡ። ሥሩን በገለባ ወይም በሣር ይጎዝጉዙ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ሳሙና ያልበዛበት የእጣቢ ውኃ ለጽጌረዳው ይበቃል።

5. *ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፦* በደጋው የውርጭ ጊዜ ለጋ ችግኝን ማታ በጆንያ ይሸፍኑ፤ ጠዋት ይግለጡ።

6. *በመጀመሪያው ዓመት፦* ፖሙ ቢያብብም ፍሬውን ያንሱ። ጉልበቱን በሥሩ ላይ ያውል።

የምዕራፉ ፍሬ ነገር

* ከፍታዎ የሚተክሉትን የፍሬ ዓይነት ይወስናል፤ ጽጌረዳ ግን በደጋም በወይና ደጋም ይስማማል።
* አንድ ጥሩ ቦታ ብቻ ካለዎት ፍሬ ይትከሉበት፤ ለብዙ ዓመታት ይመግባል።
* አበባ ቦታው አጥርና ደጅ ነው፤ በዚያ ንብ ይስባል፣ ግቢ ያስውባል። ቀጋ ከሆነ ደግሞ ፍሬውን ይጠብቃል።
* ፖም ሁለት ዝርያ፣ የተዳቀለ ችግኝና አጥር ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መትከሉን ያዘግዩ።

የዚህ ሳምንት ሥራዎ

ግቢዎን በጠዋት፣ በቀትርና በማታ እየዞሩ ፀሐይ የት እንደሚያርፍ በወረቀት ላይ ይሳሉ። ከዝናብ በኋላ ውኃ የት እንደሚተኛ ምልክት ያድርጉ። ወረቀቱን ይዘው በቀበሌዎ ወዳለው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይሂዱና ለከፍታዎ የሚስማማ የተዳቀለ ችግኝ የት እንደሚገኝ ይጠይቁ። ችግኙ እስኪገኝ አጥሩን ይጀምሩ፤ ቀጋው ቀድሞ ሥር ከሰደደ ፖሙ ሲመጣ የሚጠብቀው አያጣም።