ደመወዙ ወር አያደርስም

ጥያቄ፦ እኔ መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ ሹፌር ነው። ደመወዛችን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ የቀረውን ከሰፈር ሱቅ በዱቤ እንወስዳለን። በየወሩ 3,000 ብር እቁብ እንጥላለን። እሱን እናቁም ይሆን?
አ.ት.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወ/ሮ አ.ት.፣ ችግሩ የአያያዝ ጉድለት ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። ዘይቱም ነዳጁም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ጭማሪው ወደ ጓዳዎ ደርሷል፤ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አይጨምርም።

እቁቡን እንዳያቋርጡ እመክራለሁ። የብር አቅም ሲዳከም ቀድሞ የደረሰው ይጠቀማል። ስለዚህ ዳኛውን አነጋግረው ዕጣ የሚለውጥዎ ሰው ይፈልጉ። ሲደርስዎ መጀመሪያ ዱቤውን ይዝጉ።

የዱቤ ደብተሩን ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ቤት ውስጥ ሽንኩርቱና ዘይቱ አይደለም የሚያስደነግጠው፤ በየቀኑ ልጅ ተልኮ የመጣው ብስኩት፣ ለስላሳና የሞባይል ካርድ ነው። ዘይትና ስኳር ከሸማቾች ማኅበር ይሞክሩ። ጤፍ ደግሞ አዲሱ ምርት በሚገባበት በጥር ግድም ከጎረቤት ጋር ተጋርቶ በኩንታል መግዛት ያዋጣል።

የባንክ ብድር ካለብዎና መክፈል ካቃተዎ፣ ቀኑ ሳያልፍ የባንኩን የብድር ባለሙያ ያነጋግሩ፤ የአከፋፈል ጊዜ ማራዘም የሚቻልበት አጋጣሚ አለ። አዲስ ብድር ካስፈለገም በመሥሪያ ቤትዎ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ እሱን ያስቀድሙ። አራጣ አበዳሪ ዘንድ ግን እባክዎ አይሂዱ።