ጥያቄና መልስ፦ ወንፈል በሀርጌሳ

ጥያቄ፦ ሀርጌሳ የሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት ልብስ ይሰፋሉ። አንዱ ጎረቤታቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሌላዋ ፀጉር ሠሪ ናቸው። «ገንዘብ አጥሮናል፤ ሥራ በሥራ ብንለዋወጥ ሳንጣላ ይዘልቃል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ይዘልቃል። የአገር ቤት ገበሬ ወንፈል የሚለው ይህንኑ ነው። ደቦ የጠራ ሰው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል፣ ብድሩም አጥብቆ አይቆጠርም። ወንፈል ግን ቀን በቀን ይመለሳል፤ ዛሬ የአንዱ ማሳ ከታረመ ነገ የሌላው ይታረማል።

ጠቡ የሚመጣው ከዋጋ ነው። አንድ ቀሚስ ስንት ሶኬት ያወጣል? አሜሪካዊው የሕግ ሰው ኤድጋር ካን እ.ኤ.አ. በ1980 ባፈለቁት የጊዜ ባንክ ሐሳብ የማንም ሰው አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። ያምራል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን ማጉረምረሙ አይቀርም። ለዚህ ሰፈር የሚሻለው የገበያ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የስልክ ገንዘብ፣ ዛድ፣ በዶላር መክፈልን ስላስለመደ እያንዳንዱ ሥራ በዶላር ተተምኖ ደብተር ላይ ይስፈር። ሽቦና ክር ግን ከልውውጡ ውጭ ናቸው፤ የዕቃውን ወጪ አሠሪው በጥሬው ይሸፍን።

ሶማሌ ጎረቤቶች ቢገቡም ማስረዳቱ አይከብድም፤ «ሀግባድ» የሚሉት ዕቁብ አላቸውና ተራ መጠበቁን ያውቁበታል።

ሦስት ሆኖ መጀመሩም ይረዳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለፀጉር ሠሪዋ ሠርቶ ራሱ ፀጉር መሠራት ባያሻው፣ ፀጉር ሠሪዋ የስፌተኛዋን ፀጉር ትሠራለች፣ ስፌተኛዋም የእርሱን ሱሪ ትጠግናለች።