«እሺ» መግባባትን አይለካም

ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ የሌላውን ቃል ምን ያህል እንደተረዳ ለመለካት ከሁሉ የምመርጠው የካርታ ዘዴ ነው። የኤዲንብራና የግላስጎ ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ 128 ውይይቶች ቀርጸው እ.ኤ.አ. በ1991 አስተዋውቀዋል። አንደኛው መንገድ የተሰመረበት ካርታ ይዞ ይመራል፣ ሌላው መንገዱ ያልተሰመረበትን ይዞ ያሰምራል። ቸርችል ጎዳና ለዚህ ይመቻል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ የሚጠቆመው ከመንገድ ስም ይልቅ በታወቀ ሕንፃ ነውና። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል እስከ ለገሃር፣ ቴዎድሮስ አደባባይን፣ ጥቁር አንበሳንና ፖስታ ቤትን ይዛችሁ በእጅ ሳሉት። አስፈቅዳችሁ ቅረጹ፤ እንዳይተያዩም መሃላቸው ካርቶን አቁሙ። «ቸርችልን ሁሉም ያውቀው የለም?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ካርታዎች አታመሳስሉ። ከአንዱ ፖስታ ቤትን አውጡ፣ በሌላው የሌለ ኪዮስክ ጨምሩ። የቆየ እውቀት የማያድንበት ቦታ ላይ ነው አዲስ መረጃ እንዴት እንደሚስተናገድ የሚታየው።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ቅጂውን ስታዳምጡ «እሺ» የተባለበትን ሁሉ «ገባው» ብላችሁ እንዳትቆጥሩ! በአማርኛ «እሺ» መስማማት ነው፣ አክብሮት ነው፣ «ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» ማለትም ነው፤ ወደ ውስጥ በሚሳብ ትንፋሽ የሚባለው «አዎ»ም እንደዚሁ። መሪው በዕድሜ ከገፋ፣ ወጣቱ «አልገባኝም» ብሎ ከማቋረጥ «እሺ» እያለ የተሳሳተ መስመር ማስመር ሊቀለው ይችላል። ስለዚህ ፍርዱን ለእርሳሱ ተዉት፤ የተሰመረውን ከዋናው መንገድ ጋር አነባብራችሁ፣ በመካከላቸው የቀረውን ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር ለኩ። ከዚያ ካርታ ቀይራችሁ ሚናቸውን አለዋውጡ። «እሺ»ው በዝቶ ስህተቱም ከበዛ፣ ያገኛችሁት መግባባትን ሳይሆን ይሉኝታን ነው።

«የመልሱ ፍጥነት አይበቃም ወይ?» ለሚሉ፦ ፍጥነት ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሥር ቋንቋዎች ንጽጽር በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። አንድን ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት እንኳ 600 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አድማጩ እንግዲህ ንግግሩ ሳያልቅ መልሱን ማሰናዳት ጀምሯል ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «በጥቁር አንበሳ በኩል ታጠፊ» እና «በጥቁር አንበሳ በኩል አትታጠፊ» የሚለዩት በመጨረሻው ቃል ነው። ክፍተቱን በሩጫ ሰዓት አትያዙት፤ የድምፁን ሞገድ በኮምፒውተር ከፍታችሁ፣ ግሡ የጀመረበትንና ያለቀበትን ለየብቻ ምልክት አድርጉ። መልሱ ግሡ ሳይጀምር ከመጣ አድማጩ ገምቷል፤ ግምቱ ልክ መሆን አለመሆኑን እዚያው ቦታ ላይ ያለውን መስመር አይታችሁ መዝግቡ።